የአማተር ቅዳሜ

«አማተር» የሚለውን ቃል ከአገሬ ሳልወጣ አውቀዋለሁ። በቀበሌ አዳራሽ በር ላይ ይጻፍ የነበረ፣ «የቴአትርና የሙዚቃ ክበብ» የሚል የሚከተለው ቃል ነው። ስንሰማው ትዝ የሚለን መድረክ ላይ ቃለ ተውኔቱ የሚጠፋበት፣ ክራሩን እየቃኘ ታዳሚ የሚያስጠብቅ፣ አንድ ቀን «እውነተኛ» ከያኒ እስኪሆን የምንታገሠው ወጣት ነው። ስለዚህም አማተር ማለት ጀማሪ፣ ገና ያልበሰለ ማለት መሰለን። ቃሉ ግን በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ ማፍቀር ነው። አማተር አፍቃሪ ነው። ቃሉ ስለ ፍቅሩ እንጂ ስለ ችሎታው የሚናገረው ነገር የለም።

እኔም አማተር ነኝ። አማተር ገጣሚ ነኝ ብል ማንም አይደነቅም፤ ከእኛ መካከል ያልገጠመ ማን አለ? እኔ ግን አማተር የጎልፍ ተጫዋች ነኝ። ይህን የሰማ ሐበሻ ወዳጄ ሁሉ ከሁለት ፊቶች አንዱን ያሳየኛል። አንደኛው «መቼ ከበርህ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ምን ነካህ?» የሚል። በሁለቱም አልፈርድም። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ፣ ከምድር በታች አራት ፎቅ በሚወርድ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ሠራተኛ ነኝ። አልከበርሁም፤ ያበድሁም አይመስለኝም። በሳምንት አምስት ሌሊት ጣሪያው በእጅ ሊነካ በቀረበ ዋሻ ውስጥ ተቀምጬ የሰው መኪና አስገባለሁ፣ አስወጣለሁ። ቅዳሜ ጧት አንዲት ነጭ ኳስ እመታና አንጋጥጬ አያታለሁ። ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ሰማይን የማይበት ምክንያት አለኝ።

* * *

ጎልፍን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ልግለጽ። 46 ግራም የማትሞላ ኳስ አለች፤ ስፋቱ 10.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ አለ፤ በሁለቱ መካከል ብዙ ጊዜ ከሦስት መቶ ሜትር የሚበልጥ ርቀት፣ ዛፍ፣ አሸዋና ውኃ አለ። ኳሷን በዱላ እየመቱ ጉድጓዱ ውስጥ ማስገባት ነው። እንዲህ ያለ ጉድጓድ አሥራ ስምንት ነው። የሁሉም ምት ይደመራል፤ ጥቂት የመታ ያሸንፋል። ለአንድ ሜዳ የተመደበው ልክ፣ «ፓር» የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ 72 ምት ነው። ሕጉ ከአሥራ አራት በላይ ዱላ መያዝ ይከለክላል። አንዱ ለሩቅ፣ አንዱ ለቅርብ፣ አንዱ ለአሸዋ ነው ይባላል። በእኔ እጅ ግን አሥራ አራቱም አንድ ናቸው፤ ሁሉም ኳሷን ወደ ቀኝ ይልኳታል።

ለጨዋታው ፈጽሞ ባዕድ ነን ብዬ አላምንም። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘው ሩር ሲለጉ የኖሩ ሰዎች ልጆች ነን። በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው አይቆጣም ይባል ነበር። በጎልፍ ጌታም ሎሌም አንድ ሰው ነው፤ የሚቆጣው በራሱ ነው፤ ይህም ቁጣ ከሁሉ ይከፋል። በገና ሩሯ ብታመልጥህ የገፋህ ሰው አለ፣ የቀማህ ሰው አለ፣ አቧራው አለ። የጎልፍ ኳስ ግን ዝም ብላ ቆማ ትጠብቅሃለች። የሚገፋህ የለም። የሚያጣድፍህ የለም። ዐይንህ እያየ ትስታታለህ።

የዚህ ጨዋታ ብስጭቶች ከሩቅ ሲታዩ ያስቃሉ። ሐሙስ በልምምድ ቦታ እጄ የገባው ምት ቅዳሜ አይገኝም፤ ማን እንደወሰደው አይታወቅም። ምክር የማይሰጥ ሰው የለም። አንዱ «ራስህን አታንሣ» ይላል፤ ሌላው «ክርንህን ሰብስብ» ይላል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመፈጸም የሞከረ ሰው ወገቡን ይይዛል። ፊት ያሉት አራት ሰዎች እያንዳንዷን ምት እንደ ፍርድ ቤት ጉዳይ ሲመረምሩ ከኋላቸው ቆመህ ላብህ ይደርቃል። የካናዳ ዝይዎች ሜዳውን ወርሰውት ይጠብቁሃል፤ ኳስህ የት እንደምታርፍ የሚያውቁ ይመስል ኩሳቸውን እዚያው ይጥላሉ። ከዚያ ደግሞ ውኃው አለ። ኳሷ ውኃ ስትገባ የምታሰማው ድምፅ አጭር ነው፤ ይግባኝ የሚባል ነገር የለውም።

የጠፋች ኳስ ለመፈለግ የሚፈቀደው ጊዜ ከ2019 ወዲህ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ቀድሞ አምስት ነበር። (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በሦስት ደቂቃ ውስጥ የራሴን ኳስ ያገኘሁባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። የሌላ ሰው ኳስ ግን ሁልጊዜ አገኛለሁ። ከእኔ በፊት አንድ የማላውቀው ሰው እዚሁ ቁጥቋጦ ውስጥ አጎንብሶ፣ እንደ እኔው ተስፋ ቆርጦ እንደሄደ ኳሱ ትነግረኛለች።

ታዲያ ምን ያመላልሰኛል? አንዲት ምት ናት። ከመቶው አንዷ፣ ሲቀናኝ ሁለት። ስትመታ እጅ አንዳች ነገር አይሰማውም። የተበላሸ ምት እስከ ክርን ይነዝራል፤ የቀናው ግን የሌለ ያህል ቀላል ነው። ቀና ስል ኳሷ እኔ ባሰብኋት መንገድ ላይ፣ እኔ ካሰብሁት በላይ ከፍ ብላ ትሄዳለች። ሦስት ወይም አራት ሰኮንድ ቢሆን ነው። ለዚያ ብዬ ሌላውን ዘጠና ዘጠኝ እሸከማለሁ።

ስለ ኳሷም አንድ ነገር ልጨምር። ቀረብ ብሎ ያያት ሰው ፈንጣጣ የጎበኘው ፊት ትመስለዋለች። በ1848 ገደማ ጉታ ፐርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ የሚሠራ ኳስ ሲመጣ ልሙጥ ነበር። ተጫዋቾቹ ግን አዲሷ ኳስ ቶሎ ስትወድቅ፣ በዱላ የተጫረችውና የተፈገፈገችው አሮጌ ኳስ ቀጥ ብላ ርቃ እንደምትሄድ አስተዋሉ። ከዚያ በኋላ ሠሪዎቹ ራሳቸው ኳሷን አስቀድመው ያቆስሏት ጀመር። የዛሬዋ ኳስ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 የሚደርስ ጎድጓዳ አላት፤ ጎድጓዶቹ አየሩ ገላዋን ተጠግቶ እንዲያልፍ ስለሚያደርጉ ከኋላ የሚጎትታት ኃይል ይቀንሳል። ይህን ያነበብሁት አንድ ሌሊት በሥራ ላይ፣ መኪና በማይመጣበት ሰዓት ነበር፤ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። እርሷ ቀን ቀን አረጋውያንን በየቤታቸው ትንከባከባለች፤ እኔ ሌሊት እሠራለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔ ስገባ እርሷ ትወጣለች፤ በር ላይ ቁልፍ እንቀባበላለን። አንድ ማታ ሳህን እያጠበች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ቅዳሜን ለሣሩ ሰጠኸው» አለችኝ። ነገሩ የገንዘብ ቢሆን መልስ ነበረኝ። ለእናቴ በየወሩ የምልከው አንድም ጊዜ አልተጓደለም፤ ዱላዎቼም ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በሃያ ዶላር የተገዙ ናቸው። እርሷ ያነሣችው ግን ገንዘብ አልነበረም።

* * *

የምጫወትበት ሜዳ ላንግስተን ይባላል። ከከተማዋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከአናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ ያለ፣ አባልነት የማይጠየቅበት፣ ማንም የዕለቱን ከፍሎ የሚገባበት የሕዝብ ሜዳ ነው። ስሙን ያገኘው ከቨርጂኒያ ለአሜሪካ ኮንግረስ ከተመረጡት የመጀመሪያው ጥቁር ሰው፣ ከጆን መርሰር ላንግስተን ነው።

ሜዳው በ1939 ተከፈተ። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው በዋና ከተማዪቱ ነጮች በሚጫወቱባቸው ሜዳዎች መጫወት አይችልም ነበር። ላንግስተን ለጥቁሮች ተብሎ፣ ቀድሞ ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ መሬት ላይ የተሠራ ነው። ሲከፈት ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ ነበረው፤ አሥራ ስምንት የሞላው በ1955 ነው። በ1941 ጥቁር ተጫዋቾች ዱላቸውን ተሸክመው ወደ ኢስት ፖቶማክ ሜዳ ሄዱ፤ ፖሊስ እያጀባቸው፣ ስድብ እየወረደባቸው ተጫወቱ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ አይክስም የከተማዋ የሕዝብ ሜዳዎች ለሁሉም እንዲከፈቱ አደረጉ። የባለሙያዎቹ ማኅበር ፒጂኤ «ለነጮች ብቻ» የሚለውን አንቀጽ ከደንቡ የሰረዘው ግን በ1961 ነው። ኳሷን ከመሬት ከፍ አድርጌ የማስቀምጥባት «ቲ» የምትባል ትንሽ እንጨት ሳትቀር ታሪክ አላት፤ በ1899 የእንጨት ቲ የፈጠራ ባለመብት የሆነው ጥቁሩ የጥርስ ሐኪም ጆርጅ ግራንት ነው።

«የሀብታም ጨዋታ» ለሚሉኝ ወዳጆቼ ይህን እነግራቸዋለሁ። ሀብታም እንደሚጫወተው አልክድም። እኔ የምረግጠው ሣር ግን ሌሎች ስድብ ተቀብለው የከፈሉበት ነው። እኔ ዘግይቼ የደረስሁ እንግዳ ነኝ፤ ሁሉ ነገር ከተከፈለ በኋላ መጥቼ የዕለቱን ብቻ ከፍዬ የምገባ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገሩኝ አብሬአቸው የምጫወት ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ናቸው። ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ፣ በልጅነታቸው የሌሎችን ዱላ እየተሸከሙ ጨዋታውን የተማሩ ሰው ናቸው። አሁን ኳሳቸው ሩቅ አትሄድም፤ ነገር ግን መንገድ አትስትም። እኔ ሜዳውን ግራና ቀኝ እየተሻገርሁ ሁለት እጥፍ ስሄድ እርሳቸው በመሐሉ ቀስ እያሉ ይራመዳሉ፤ ጉድጓዱ ጋ ሁልጊዜ ቀድመውኝ ይደርሳሉ።

* * *

በአማተሮች ጨዋታ ዳኛ አይከተልህም። ጫካ ውስጥ ብቻህን ገብተህ ስንቴ እንደመታህ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ቁጥሩን የምትናገረውም አንተ ነህ። በዚህ ረገድ በአማተሮች ዘንድ የሚነሣው ስም ቦቢ ጆንስ ነው። ጆንስ የሕግ ባለሙያ ነበር፤ በውድድር ዘመኑ ሁሉ አማተር ሆኖ ባለሙያዎቹን ያሸንፍ ነበር። በ1930 በዘመኑ የነበሩትን አራት ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት ወስዶ በ28 ዓመቱ ከውድድር ተሰናበተ። በ1925 የአሜሪካ ኦፕን ላይ ግን ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሷ ሣሩ ውስጥ እጅግ በትንሹ ተንቀሳቀሰች። ከእርሱ በቀር ያየ አልነበረም። በራሱ ላይ አንድ ምት ጨመረ። ውድድሩም በእኩል ምት አልቆ፣ በተጨማሪው ጨዋታ ተሸነፈ።

እኔ ጆንስ አይደለሁም፤ የምታገለውም ከመቶ ጋር ነው። የአማተሮች አጥር መቶ ነው። አሥራ ስምንቱን ጉድጓድ ከመቶ ባነሰ ምት የጨረሰ ሰው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ያልጨረሰ ሌላ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ አጥሩን ከውጭ ሳየው ኖሬአለሁ። 107፣ 104፣ 112፣ እንደገና 104።

ባለፈው መስከረም አንድ ቅዳሜ የመጨረሻው ጉድጓድ መነሻ ላይ ስደርስ 94 ነበርሁ። አምስት ምት ካገኘሁ 99 ነው። ለማንም አልተናገርሁም፤ አዛውንቱ ግን ያውቁ ነበር፤ ካርዴን የሚይዙት እርሳቸው ናቸውና። የመጀመሪያዋ ምት ቀናች። ሁለተኛዋ አጠረች። ሦስተኛዋ ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር ዳር ላይ አረፈች። አራተኛዋን ገፋኋት፤ ተንከባልላ ከጉድጓዱ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። 98። አንዲት ገፋ ማድረግ ቀረችኝ።

በወዳጅ መካከል እንዲህ ለቀረበች ኳስ «ገብታለች፣ አንሣት» ማለት የተለመደ ነው። አዛውንቱም ዱላቸውን ተደግፈው፣ «አንሣት ልጄ፣ ሰጥቼሃለሁ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበር፤ ከእኔ በላይ ጓጉተው ነበር።

በዚያች ቅጽበት ያሰብሁትን አሳምሬ መናገር እችል ነበር፤ ያሰብሁት ግን ብዙ አይደለም። ከዚህ አገር ስደርስ ጀምሮ የተሰጠኝ ብዙ ነው፤ ልብስ ተሰጥቶኛል፣ ማደሪያ ተሰጥቶኛል፣ ወረቀት ተሰጥቶኛል። ለሁሉም አመሰግናለሁ። ይህችን ግን ሰው እንዲሰጠኝ አልፈለግሁም። «አመሰግናለሁ፣ ልምታት» አልኋቸው።

መታኋት። ቀስ ብላ ሄደች፣ የጉድጓዱን ከንፈር ይዛ ግማሽ ዙር ዞረች፣ ዳር ላይ ቆመች። አስገባኋት። መቶ።

አዛውንቱ ምንም አላሉም። «ደግ አደረግህ» አላሉም፤ «ምነው ባነሣሃት» አላሉም። ካርዱ ላይ 100 ጽፈው፣ ፈርመው ሰጡኝና ወደ መኪናቸው እየሄድን ስለ ጉልበታቸው ያወሩኝ ጀመር።

* * *

ቤት ስገባ ባለቤቴ «ስንት?» አለችኝ። እንደ ወትሮው ለመልሱ ሳይሆን ለሰላምታ ያህል ነበር።

«መቶ።»

ነገርኋት። ሰምታ ስትጨርስ፣ «ሰውዬው ሲሰጥህ ለምን አልወሰድህም?» አለች።

«ብወስዳት 99 አይሆንም።»

«ታዲያ ምን ይሆናል?»

«98 እና የእርሳቸው ደግነት።»

ዝም ብላ ቆየች። ቀጥሎ ሳቀች፤ ሣቋን ከሰማሁ ቆይቶ ነበር። ያን ዕለት ከጎኔ ተቀምጣ እንጀራ እየቆረሰች፣ ስለ ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀችኝን ጥያቄ ጠየቀችኝ። «እዚያ ሴቶች አሉ?»

ከአዛውንቱ የሰማሁትን ነገርኋት። በ1937፣ ላንግስተን ከመከፈቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ ሄለን ዌብ ሃሪስ በምትባል መምህርት ቤት አሥራ ሦስት ጥቁር ሴቶች ተሰበሰቡ። ባሎቻቸው ጎልፍ እየሄዱ ቅዳሜና እሑድ ብቻቸውን የሚቀሩ ሴቶች ነበሩባቸው። ተመካክረው ያገኙት መፍትሔ ባሎቻቸውን ከሜዳ ማስቀረት አልነበረም፤ ዌክ ሮቢን በሚባል አበባ ስም የራሳቸውን የጎልፍ ክበብ አቋቋሙ። የሕዝብ ሜዳዎች ለጥቁሮች እንዲከፈቱ ለሚኒስትሩ አቤቱታ ካቀረቡት መካከልም እነርሱ ነበሩ።

«እንግዲህ እነዚያ ሴቶች ሳህን እያጠቡ አልጠበቁም በለኛ» አለች። ቀጥላም፣ «ከዚያ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫው ለእኔም ዱላ ፈልግልኝ።»

ወደ ልምምድ ቦታ ይዣት የሄድሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጫማዋን አስተካክላ ቆመች። የመጀመሪያዋን ሳተች፤ አየሩን ብቻ መታች። «አንድ» አለች ጮክ ብላ። ይህ ልምምድ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለው እንደማይቈጠር ነገርኋት። «ሞክሬአለሁ አይደል?» አለችኝ። ሁለተኛዋ መሬት ለመሬት ሄደች። ሦስተኛዋም እንዲሁ። ሰባተኛዋን ስትመታ እጇ አንዳች ነገር እንዳልተሰማው ከፊቷ አወቅሁ። ኳሷ ተነሥታ፣ ከአጥሩ ማዶ ካሉት ዛፎች ጫፍ በላይ ወጣች። ባለቤቴ ቀን ቀን የምትውለው መጋረጃ በተጣለበት፣ የመድኃኒት ሽታ ባለበት ክፍል ውስጥ ነው። አፏን ከፍታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ኳሷ ወድቃ እስክትቆም ድረስ ተከተለቻት።

«ስንተኛዬ ነበረች?» አለች።

«ሰባተኛ።»

«ጻፋት» አለችኝ።

ከመቶ በታች እስከ ዛሬ አልገባሁም። ለቅዳሜ ከጧቱ 1፡20 ላይ የሁለት ሰው ቦታ ይዣለሁ። ዝናብ አይኖርም ብለዋል።